ኪዳኔ የቀረጸው ቪዲዮ

ፋና ቪዲዮውን ያየችው በስደት በሚኖሩበት ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ካለው የወይንሸት ሱቅ በርበሬ ልትገዛ ገብታ ነው። ወይንሸት ገና ስታያት ሳቋ አመለጣት።

"አንቺ፣ የስፔንን ባሕር ጠጥተሽ ልትጨርሺው ነበር እኮ" አለችና ስልኳን አቀበለቻት።

ፋና ከባሏ ከኪዳኔ ጋር ስፔን ውስጥ ወዳለች አንዲት የሜዲትራኒያን ዳር ከተማ ለሽርሽር ሄደው ከተመለሱ ወር አልሞላቸውም። እዚያ ሰዉ ሁሉ ይዋኛል፣ ጄት ስኪ በሚሉት የውሃ ሞተር ይከንፋል፣ ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ሰሌዳ ቆሞ ይቀዝፋል። ፋና ዋና አትችልም። ኪዳኔ ግን "ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያደግኩ ሰው አጠገብሽ እያለሁ ምን ያስፈራሻል?" ብሎ ሰሌዳ ተከራየላት። እንዳትሰምጥ የለበሰችውን ላይፍ ጃኬትም ፎቶ ያበላሻል ብሎ አስወለቃት። ጥቂት እንደቀዘፈች ማዕበል ገለበጣት። እግሯ መሬት አጣ። ስሙን ጠራች፣ ውሃ ዋጠች፣ ደግማ ጠራች። ጎትታ ያወጣቻት እዚያው ስትዋኝ የነበረች የማታውቃት ሴት ናት። ኪዳኔ በኋላ "ሩቅ ነበርኩ፣ ማዕበሉ አላሰማኝም" ብሎ ምሎ ተገዘተላት። እሷም አመነችው።

አሁን በወይንሸት ስልክ ላይ "ኪዳኔ፣ ኪዳኔ" የሚለው የራሷ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሱም እየሳቀ "ቆይ፣ ቆይ፣ እየቀረጽኩሽ ነው" ሲል ይሰማል። ለዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ የላከውም ራሱ ነው።

ፋና ስልኩን መለሰች። በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች።

ሎውሪ ሰፈር ያለው ቤታቸው ስትደርስ ኪዳኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ኳስ ያያል። ቴሌቪዥኑን አጠፋችበት።

"ስጠራህ ሰምተሃል" አለችው።

"መቼ?"

"ቪዲዮውን አይቼዋለሁ።"

ቀና ብሎ ተቀመጠ። "የምትቀልጂ መስሎኝ ነው። ደሞ ሰዉ ወዶታል። ከከፋሽ ዲሊት አደርገዋለሁ።"

"እንዳትነካው።" አለችው። "ጋሼ ወልደገብርኤል ፊት ቁጭ ብለን እናየዋለን።"

ጋሼ ወልደገብርኤል ሲጋቡ ለኪዳኔ ሽማግሌ ሆነው የተላኩ ሰው ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ፋና በኪዳኔ ስልክ ግሩፑን ከፍታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው አሳየቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ኪዳኔ ዞሩ።

"ለምን አልገባህላትም?"

ኪዳኔ አቀረቀረ። "ዋና አልችልም" አለ። "ሐዋሳም ዳር ዳር ነበር የምንጫወተው። ሲጨንቀኝ ሳቅኩ።"

ፋና እውነቱን ስትሰማ ንዴቷ ይበርድልኛል ብላ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት።

"የተናደድኩት ፈራህ ብዬ አይደለም" አለች። "ብትጮህ እኮ ሰው ይደርስልኝ ነበር። አንተ ቀረጽክ። ስሰምጥ ቀረጽከኝ፣ ዋሸኸኝ፣ ከዚያ ለአገር ሁሉ በተንከው።"

"ልጄ፣ አጥፍቷል" አሉ ጋሼ ወልደገብርኤል። "ስለ እኔ ብለሽ ይቅር በይው።"

"ዛሬ አልችልም ጋሼ።"

ኪዳኔ ሊያደርሳቸው የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ፋና ከእጁ ወሰደችው። "እኔ አደርሳቸዋለሁ።"

ሃቫና ላይ ቀይ መብራት ሲይዛቸው ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አልዋሽሽም፣ ግሩፑ ላይ መጀመሪያ ሳየው እኔም ስቄ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች ፋና ፊቷን ሳታዞር። "ቪዲዮው ሥር የሳቅ ምልክት ካደረጉት ውስጥ ስምዎ አለ።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አረንጓዴ በራ። በራቸው ላይ ስታወርዳቸውም "ደህና ይዋሉ" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም።