ስምንት ቡሎን

መካኒኩ ካሚል ዝገት እንዳይበላቸው ስምንቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ እየጠረገ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምራል። የሞተሩን ጉልበት ለፊት ጎማዎች የሚያደርሰው ረጅም ብረት ግራሶ ተቀብቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተጋድሟል። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ከሚያዝያ ወዲህ የሚሄደው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት፣ በ1972፣ ቤንዚን በኩፖን ሆኖ ነበርና ካሚል ራሱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ከደባርቅ ዳባት ለመመላለስ የፊቱ ምን ያደርጋል? ብረቱ በከንቱ እየዞረ ቤንዚን ይበላል» አለ። ኃላፊው ጓድ ወልደ ሩፋኤል አስጨበጨቡለት። ሾፌሩ ይግዛው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን «የካሚል አንካሳ» ነበር የሚላት።

አራት ሰዓት ላይ ይግዛው እየሮጠ ገባ።

«ካሚሌ፣ ተነሥ። ከአዲ አርቃይ የመጣ የጭነት ሾፌር መልእክት ይዟል። ነሲባን ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ። የክሊኒኩ ድሬሰር ‹ከኔ አቅም በላይ ነው፣ ደባርቅ ሐኪም ዘንድ አድርሷት› ብሏል።»

ነሲባ ሚስቱ ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ተብሎ፣ በግንቦት አውቶቡስ ላይ ያሳፈራት እሱ ነበር።

ካሚል ጆንያውን አየ።

«ልግጠመው?»

«ስንት ይፈጅብሃል?»

«ከጎማዎቹ ውስጥ ያለውንም ብረት አውጥቻለሁ። ሁለት ሰዓት።»

«የሊማሊሞው ኬላ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ወታደሮቹ የእናታቸውንም መኪና አያሳልፉም።» ይግዛው ወደ ሰማይ ቀና አለ። «ደመና የለም። ቤንዚኑም ሙሉ ነው፤ ያንተው ቁጠባ።»

«እንሂድ» አለ ካሚል።

ሊማሊሞን በደረቅ መንገድ ወረዱ። ሰባት ሰዓት ላይ አዲ አርቃይ ደርሰው ነሲባን ከእናቷ ቤት ከነፍራሿ ከኋላ ጫኗት፤ ካሚል ራሷን ጭኑ ላይ አደረገው።

«በዚህ ጫማ የእናቴ ምንጣፍ ላይ ቆምክ?» አለችው። «ግራሶ ነው እኮ።»

ዳገቱን ከግማሽ በላይ እንደ ወጡ ዝናቡ ወረደ። አንድ ጠምዛዛ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። የፊቶቹ ጠንካራ ኮረት ላይ ነበሩ፤ ዝም ብለው ቆመዋል። ካሚል ወርዶ ድንጋይ አነጠፈ፣ ቅጠል ጎዘጎዘ፣ ትከሻውን አስደግፎ ገፋ።

«ግፋ! ካሚሌ፣ ግፋ!»

መኪናዋ ወደ ገደሉ ጥቂት ተንሸራተተች እንጂ ወደ ላይ ስንዝር አላለችም። በመንገዱ የሚመጣም የሚሄድም አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገሉ። ካሚል ሊያያት ወደ ኋላ ሲገባ ነሲባ ቀና አላለችም። እጇን ያዘ፤ ደጋግሞ ጠራት። ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ፣

«ይግዛው፣ ሞተሩን አጥፋው» አለ።

«ለምን? ገና እኮ...»

«አጥፋው። ቤንዚን አይለቅ።»

በማግሥቱ ከነልጇ ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን፣ መኪናዋ ከጭቃው ተጎትታ ከተመለሰች በኋላ፣ ካሚል ሳያስፈቅድ ጆንያውን ፈታና መኪናዋ ሥር ገባ። ይግዛው ቆርቆሮውን ይዞ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጓድ ወልደ ሩፋኤል ‹ማን ፈቀደልህ› ይላሉ።»

«ይበሉ። አንዱን አቀብለኝ።»

ስምንተኛውን አጠበቀ። እንደገና ሞከረው፤ አልነቃነቅ አለ። ከሥር ወጥቶ እጁን በጆንያው ጠረገ፣ መፍቻውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ባዶውን ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው።