ደረሰን ወደ ይርጋለም

"አይጦቹን አባሪልኝ! ግድግዳው ሞላ እኮ!"

ደብሪቱ የወንድሟን እግሮች ተጭና ይዛለች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ደረሰ ግን እየተንቀጠቀጠ ፍራሹን ያምሰዋል።

"አይዞሽ ልጄ፣ መንፈሱ ሊለቀው ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑን በየቤቱ ሰብስበው የሚያጸልዩት እሳቸው ናቸው። ደረሰ ከጦር ግንባር ተመልሶ፣ ጠጅ ቀርቶ ጠላ ገብቶበት በማያውቅ ቤት አረቄ ደብቆ መጠጣት ከጀመረ ቆይቷል። መንፈስ ነው ተባለ። በዚህ ሳምንት አረቄውንም እህሉንም ከልክለው ዘጉበት። ጸሎታቸው ውጭ እንዳይሰማ ራዲዮኑን አስጮኸውታል፤ ቀበሌ ከሰማ ሁሉም የሚያድሩት እስር ቤት ነው።

ደብሪቱን አላስቻላትም። "ውኃ ልቅዳ" ብላ ወጣችና መሃል ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሮጠች።

"መጠጥ የተወው መቼ ነው?" አለቻት ነርሷ ፈትያ።

"እኛ ነን ያስተውነው። እየጸለይን..." ምላሷን ነከሰች።

ፈትያ እንዳልሰማች ሆነች። "ስሚኝ እህቴ፣ አረቄ የለመደ ሰውነት ድንገት ሲከለከል እንዲህ ይሆናል። ይገድላል። እዚህ የምሰጠው መድኃኒት የለኝም፤ አሁኑኑ ይርጋለም ሆስፒታል አድርሺው። ሲረጋጋ ለአእምሮው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይልኩታል።"

"አብዷል እንዴ?"

"ታሟል ነው ያልኩሽ።"

ስትመለስ ደረሰ ዓይኑ ተገልብጦ አረፋ ደፍቋል። ለጸሎት የተሰበሰቡት ሴቶች "ተመስገን! ለቀቀው!" እያሉ ያለቅሳሉ። ደብሪቱ በገዛ እጇ ስትገድለው እንደሰነበተች ገባት።

"አባባ፣ ይርጋለም እንውሰደው። መኪና እስከምናገኝበት መንገድ ተሸከሙልኝ።"

"ድሉ ደጃፍ ላይ ሲደርስ? ደግሞስ በቀን ይዘሽው ስትወጪ ቀበሌው ምን ሆነ ቢልሽ ምን ልትይ ነው? እነዚህን እናቶች አስበሻቸዋል?"

ወላጆቻቸው ሲሞቱ ሁለቱንም ያሳደጓቸው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው። ደብሪቱ ቃላቸውን ተላልፋ አታውቅም።

"እንግዲያው እርስዎ ሴቶቹን ይዘው በጓሮ ይውጡልኝ።"

"ልጄን በዚህ ሰዓት ጥዬው? አላደርገውም!" አሉና እጃቸውን ደረሰ ግንባር ላይ ጫኑ። ይወዱታል፤ ክፋቱም እሱ ነበር።

ደረሰ እንደገና ተንዘፈዘፈ። ከንፈሩ ጠቆረ። በመስኮቱ በኩል የቀበሌው ጥበቃ ኑሪ ጠመንጃውን አንግቦ ሲያልፍ ታየ፤ ሴቶቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ።

ደብሪቱ ወደ ማንም ዞራ አላየችም። መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ጓድ ኑሪ! ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፤ ግባና ከእግሩ ያዝልኝ!"