ሁለተኛውን ኩርባ ማን አጠጣው?

እኔና ጼዛሪ አንድ የብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ የዛሌሼ ልጅ ነው፤ እኔ የሊፖቮ። በሁለቱ ከተሞቻችን መካከል ያለው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም የስፒድዌይ ነገር ሲነሳ የሌላ አገር ሰዎች እንሆናለን። ፍሬን በሌለው ሞተር ብስክሌት፣ ቀይ አፈር ላይ እየተንሸራተቱ አራት ዙር መሽቀዳደም ለሌላው እብደት ይመስል ይሆናል። እኛ ጋ ግን እሑድ ማለት እሱ ነው።

ያጣላን የዛሬ ሠላሳ ዓመት በሁለቱ ከተሞች ቡድኖች መካከል እኛ ሊፖቮ የተደረገ ግጥሚያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ ዝናብ አልጣለም፤ የመሮጫው ሁለተኛ ኩርባ ግን ላቁጦ ነበር። የዛሌሼ አሠልጣኝ «እዚህ ማጥ ውስጥ ልጆቼን አላስገባም!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው በተወለወለ ጫማው መሙን ዞረ፤ ተረከዙን ተከለ፣ ነቀለ፣ እንደገና ተከለ። «ይካሄዳል» አለ። በመጨረሻው ውድድር የዛሌሼው ኮከብ ሲመራ ቆይቶ እዚያው ኩርባ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ በእግሩ ነው የወጣው። እኛም በሁለት ነጥብ አሸነፍን። ፊት ለፊት ቆሜ ስለነበር ጭቃው ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሣቅሁበትን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ጼዛሪ ፋታ አልሰጠኝም።

«ጎመን ተክላችሁ ነበር እንዴ እንደዚያ ያጠጣችሁት?»

«የእናንተ ሰው መታጠፍ አይችልም፤ ውሃው ምን አደረገ?»

ጡረታ ከወጣን በኋላም ይኸው ነበር። ባለፈው ግንቦት ሚስቴ መረራትና «ለምን የመሙን ጠባቂ ሄዳችሁ አትጠይቁትም?» አለችን። ያኔ የሊፖቮን መም ያጠጣ የነበረው ቦጉሚል አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከስታዲየሙ ጀርባ ይኖራል። በሥራ ላይ ሳለ ስለ መሙ ለቄስም ቢሆን ትንፍሽ አይልም ነበር።

ሄድን። ሚስቱ ሌኦካዲያ የፖም ኬክ ቆረሰችልን። ጼዛሪ ገና ሳይጎርስ ጀመረ፦

«አቶ ቦጉሚል፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ውሃውን አፍስስ ብሎ ያዘዘዎት ማነው?»

ሽማግሌው ጢሙን ዳሰሰ። «ማንም አላዘዘኝም። እንዲያውም አለቃዬ 'ደረቅ ይሁን' ነበር ያለው። ትንሽ አቧራ ላስተኛ ብዬ ቦቴውን ኩርባው ላይ አቆምኩ፤ ቧንቧውን ከፈትኩ። ያኔ አንዲት ሴት ከአጥሩ ማዶ 'ሽንት ቤቱ የት ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። ወሬ ያዝን። ዞር ስል ቦቴው ባዶ ሆኗል።»

«ሴትየዋ ማን ነበረች?»

«እኔ ነኛ» አለች ሌኦካዲያ። «ከዛሌሼ ደጋፊዎች ጋር በአውቶቡስ መጥቼ።»

ጼዛሪ ሹካውን አስቀመጠ። «ከዛሌሼ? የእኛ ሰው?»

«አዎ፣ የእናንተው። ሽንት ቤቱንማ አውቀው ነበር፤ ከዚያው እየተመለስኩ ነበር። የቦጉሚል ጢም ደስ ብሎኝ ነው።»

ቦጉሚል ወደ እሷ ዞረ። «ይህንን ለኔም ነግረሽኝ አታውቂም!»

«አልጠየቅከኝማ!»

ሣቅ አፈነኝ። ጼዛሪ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሸከመው ክስ የገዛ ከተማው ልጅ ላይ መውደቁን እያሰበ ኬኩን አፍጥጦ ያየው ጀመር። አዘንኩለት። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሣቀ ኖሯል፤ እንባው እስኪወርድ ሣቀ።

«ሮማልድ፣ ይህንን ለማንም ብትናገር ውርድ ከራሴ!» አለኝ።

ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ተናገርኩ። አሁን እሑድ እሑድ አራታችንም በእኔ መኪና አብረን እንሄዳለን። ቦጉሚል አፈሩን በጣቶቹ ፈትጎ እያየ አዲሱን ጠባቂ ያማል፤ ሌኦካዲያ ለዛሌሼ፣ ባሏ ለሊፖቮ ይጮኻሉ። ጼዛሪም ስለ ውሃ ማንሳቱን ትቷል። ዘንድሮ ክርክሩ በተወዳዳሪዎቹ ፊት ተዘርግቶ ሲነሳ ውድድሩ ስለሚጀመርበት ሽቦ ነው፤ ለሊፖቮ ልጆች ቀድሞ ይነሳል ይላል።