አራት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊው በሥራቸው አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። ለሕፃን ሲሰፉ ከልኩ በላይ አራት ጣት ያስተርፋሉ። "ነገ ቁመቱ ሲመዘዝና ልብሱ ጉልበቱ ላይ ሲቀር እኔኑ ነው የምታሙት" ይላሉ ለእናቶች፣ ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው ላይ እያወረዱ። ሰፈርተኛው "ጋሽ አራት ጣት" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ነበር የተቀበሉት።

ሱቃቸው ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ያለች ናት። ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው የስምንት ወር ሴት ልጇን ሚጢን አቅፋ መጣች። እንደ ልማዷ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ አንዱን እግሯን አውርዳ ሌላውን እዚያው ደረጃ ላይ እያጠጋች ነበር የምትወርደው።

"ሐውልቴ መጣች!" አሉ እየሳቁ። "አይዞሽ፣ ደረጃው የትም አይሄድብሽም!"

ሐውልት ያሏት ገና በሕፃንነቷ ነው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥር ሰው ታዛለች። ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ያለ ደመወዝ ያራዘመችው የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ልጅቷን የሕፃናት ማቆያ ልታስገባት አስባ ነበር፤ አባትየው ናቸው የለመኗት። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚያች ሱቅ ውስጥ ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር የሚያዋራቸው የለም። "እኔ እያለሁ ለባዳ?" ብለው አኩርፈው፣ ተቆጥተው፣ በመጨረሻም ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይታ እሺ አለች። ግን በሙከራ ነው። ሐሙስን ታያለች፤ ደህና ከዋሉ ሚጢ ከሰኞ ጀምሮ የሳቸው ናት።

"አባዬ፣ ምንጣፉ ይኸው። መሬት ላይ ልቀቃት" አለች። "ሱሪዋን እንዳታወልቅባት። መዳኽ ልትጀምር ነው፣ ሁለት ቀን ሆናት እየሞከረች።"

"እሺ እሺ፣ ልጅ አሳድጌ የማላውቅ አስመሰልሽኝ እኮ።"

እሺ ያሉት በአፋቸው ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ሁለት ሳምንት ሙሉ ተደብቀው የሰፉት ቀሚስ ተቀምጧል። ነጭ፣ ሽንሽን፣ ዳር ዳሩ ዳንቴል፤ ርዝመቱ ከእግር አራት ጣት ያልፋል። ልጃቸው ለምሳ ስትመለስ ሚጢን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተሽሞንሙና ተቀምጣ እንድታያት ነበር የፈለጉት። ልክ እሷ ራሷ በሕፃንነቷ እንደምትቀመጠው።

ያን ጊዜ መንታ ነበር የወለዱት፣ አንድ ወንድ አንድ ሴት። ወንዱን ሱሪ አለበሱትና ለቀቁት፤ በስምንት ወሩ ዳኸ፣ ዓመት ሳይሞላው "ወፌ ቆመች" ተባለለት። ስሙም ጥይት ተባለ። ሴቷን ግን በረጅም ሽንሽን አስጊጠው በሩ ላይ አስቀመጧት። መቼም ከዚያ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረም። መንገደኛው ቆም ብሎ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! አትላወስም እኮ!" ሲል ጋሽ አራት ጣት ደረታቸው ያብጥ ነበር። አሥራ ስድስት ወር እስኪሞላት አልተራመደችም። "ሴት ልጅ ከተፈጥሮዋ ረጋ ያለች ናት" እያሉ ለሁሉም ሰው አስረዱ፤ ከሰሚዎቹ ማንም አላረማቸውም።

ሚጢ እናቷ እንደወጣች ቀሚሱን ለበሰች። አቤት፣ አማረባት። ልብስ ሰፊው ራሳቸው አጨበጨቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት፤ እሷ ግን እንደ እናቷ የምትቀመጥ አልሆነችም፣ ወደ ጠርዙ ተንፏቀቀች። ምንጣፉ ላይ አወረዷት። ከፊት ለፊቷ አንድ ቀይ የክር ጥቅል ወድቋል። ዓይኗን ጣለችበት፣ በእጇና በጉልበቷ ተነሳች፣ አንድ እርምጃ ዳኸች።

ሁለተኛው ላይ ጉልበቷ የቀሚሱን ጫፍ ረገጠው። ጨርቁ ደረቷን ወደ ታች ጎተተ፤ በግንባሯ ተደፋች። ጮኸች። አነሷት፣ አባበሏት፣ መለሷት። እልኸኛ ናትና እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ተደፋች። በሦስተኛው ምንጣፉን አልፋ ሲሚንቶው ላይ ነበር የወደቀችው። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ደም መጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው ልብስ ሰፊውን ያስደነገጣቸው። ማልቀሷን ስትጨርስ ተቀመጠች። ክሩን አየችው፣ ቀሚሱን አየችው፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ጨዋ ሆነች። ይህን አቀማመጥ ያውቁታል። በእናቷ ጊዜ ለስንት ወር በሩ ላይ አይተውት፣ ሰው ጠርተው አሳይተውት፣ ተመስግነውበታል።

"ኧረ ይሄን ነገር አሳጥረው፣ ጉልበቷ እየረገጠው ነው" ይሏቸው ነበር ያን ጊዜ ባለቤታቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አሥር ጊዜ።

"ሥራዬን አታስተምሪኝ!" ነበር መልሳቸው።

ቀሚስ ብቻውን ሰውን ሐውልት አያደርግም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ግን ልጃቸው ቁመት ጨምራ ቀሚሱ ሲያጥር፣ በቀሚሱ ቦታ "ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ፣ ይቆሽሽብሻል" ተተካ። ደግሞም የሱሪው ነገር አለ። ልብስ ሰፊው የሱሪውን ነገር ለማንም ተናግረውት አያውቁም።

ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት የወንድሟን ሱሪ ለበሰችና የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጣች። እጆቿን ዘርግታ "አባዬ እየኝ! ወንድ ሆንኩ! ልዘል ነው!" አለች። ሱቁ ደንበኛ ሞልቶታል፤ ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን የተሳቀው በሳቸው መሰላቸው፣ ደማቸው ፈላ። አወረዷት፣ ሱሪውን አወለቁና ዓይኗ እያየ ሁለቱንም እግሩን በመቀስ ቆረጡት። ቀሚሷን መልሰው አለበሷት።

ልጅቷ ቀሚሱን ጎንበስ ብላ አየችው። "አሁን ሴት ሆንኩ?" ስትል ጠየቀች።

"አዎ! ጎሽ የኔ ልጅ!"

"እንግዲያው አልዘልም" አለችና ማንም ሳያዛት ዱካው ላይ ተቀመጠች።

ደንበኞቹ እንደገና ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በኋላ ባለቤታቸው የተቆረጠውን ሱሪ እያጣጠፉ፣ "በዚህ ዕድሜያቸው ልብስ ሲቀየር ሰውም የሚቀየር ይመስላቸዋል፤ ስታድግ የሚተዋት ነገር ነበር" አሏቸው። "ልጅቷ ወንድ መሆን መች አማራት? መዝለል ነው ያማራት።" ጋሽ አራት ጣት ግን ያን ዕለት ጆሮ አልነበራቸውም።

ልጃቸው ለምሳ ስትመጣ ሚጢ ባለ ሱሪ ሆና መጫወት ትችል ነበር። ቀሚሱን ጠረጴዛው ሥር መልሶ "እየዳኸች ወደቀች" ማለት ብቻ ነበር የሚቀረው። ልብስ ሰፊው ይህንኑ አስበው ቀሚሱን አውልቀው ነበር። ደረጃው ላይ የልጃቸውን እግር ሲሰሙ ግን ቀሚሱን እንደያዙ ቀሩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ገና ሳትጠይቅ። "ይሄን አልብሼያት ነው የወደቀችው። አንቺንም በዚሁ ነው ያስቀመጥኩሽ። ቶሎ ያልሄድሽው... እየሞከርሽ ነበር እኮ። እኔ ነኝ ያላስኬድኩሽ።" ስለ ሱሪውም ነገሯት።

ልጃቸው የሚጢን ከንፈር ጠራረገች። ቀሚሱን ተቀብላ ጫፉን በጣቷ ለካችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

"ትምህርት ቤት ገመድ ሲዘሉ እኔ ገመድ ያዥ ነበርኩ" አለች። "ባሌ ሳይክል ላስተምርሽ ሲለኝ፣ ተወኝ፣ እኔ ከልጅነቴም ሐውልት ነኝ አልኩት። እኔኮ አባዬ፣ ስፈጠር እንዲህ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ።"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። ሚጢን አቅፋ፣ ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

አርብ አልመጣችም። ስልክም አልደወለች። ቅዳሜ ሁለት የደንበኛ ሥራ ገሸሽ አደረጉና ለስላሳ ግን ጠንካራ ጨርቅ መርጠው ትንሽ ሱሪ ሰፉ፤ ጉልበቱን በድርብ አደረጉት። ልኩን ሲቆርጡ እጃቸው በልማድ አራት ጣት አልፎ ሄደ። መለሱት። እሑድን ማቆያው እየታያቸው ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ከነልጇ በሩ ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አጣጥፈው ሰጧት፤ ገልብጣ አየችው።

"ትርፍ የለውም?"

"የለውም። ሲያጥራት ሌላ እሰፋላታለሁ።"

አለበሰቻትና መሬት ላይ ለቀቀቻት። ሚጢ ምንጣፉን አቋርጣ በቀጥታ ወደ ደረጃው ዳኸች። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ መዳፏን ጣል ስታደርግ ልብስ ሰፊው ዘለው ሊነሱ ነበር።

"ተዋት" አለች ልጃቸው። "ከኋላዋ ብቻ ሁን።"

ሄደው ከኋላዋ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሳይነኳት ቆዩ። ሚጢ አንድ ጉልበቷን ሰቀለች፣ አቃሰተች፣ ሌላውን አጠጋችና ደረጃው ላይ ወጣች። ዞራ ሳቀችላቸው።

ልጃቸው የሥራ ሰዓቷ ደርሶ ነበርና የሚጢን ጉንጭ ስማ በጎኗ አለፈች። እጇን ግድግዳው ላይ አደረገች። አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን እዚያው አጠጋች። ከዚያ ቀጣዩን። እናትና ልጅ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ዓይነት አወጣጥ ነበር የሚወጡት፤ አንዷ የስምንት ወር ናት፣ አንዷ የሠላሳ አራት ዓመት። ልብስ ሰፊው ይህን አረማመድ ስንት ሺህ ጊዜ አይተው ስንት ሺህ ጊዜ ስቀውበታል። ጨርቅ ቢሆን ተርትረው እንደ አዲስ ይሰፉት ነበር። አፋቸው በልማድ "ሐውልቴ" ሊል ተከፈተና ተዘጋ።

ልጃቸው ላይኛው ደረጃ ላይ ዞር አለች። "ምነው ዛሬ ዝም አልክ፣ አባዬ?"

"ምንም። ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ።"

ሄደች። እጇ ግድግዳውን የለቀቀው መንገዱ ላይ ከደረሰች በኋላ ነው።