እጅ ያበቀለ መሰላል

«ነጩ ይበቃል» አለ ታላቅየው፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ከሐዘንተኞቹ ወንበር ጀርባ እያስቀመጠ። «ነገ ሩቅ ያሉት ዘመዶች ሳይደርሱ ግድግዳው ይሸፈናል።»

«ገና በሦስተኛው ቀን?» አለች የሟች ሚስት።

«ሊያጽናናሽ የመጣ ሁሉ ይህን አይቶ ‹ምስኪን፣ ለካ ልክ አልነበረም› ብሎ ይሄዳል። ወንድሜን እብድ አላስብልም!»

ሟቹ የሳለው ሥዕል የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ዓሣ ጃንጥላ ዘርግቶ ይሄዳል፤ ዛፉ በቅጠል ፈንታ ጫማ አብቅሏል፤ መሀል ላይ ከውሃ የበቀለ መሰላል ደመና ተደግፎ ቆሟል።

ታላቅየው ቤት ቀቢ ነው። ሟቹን ታናሽ ወንድሙን ብሩሽ አያያዝ ያስተማረውም እሱ ነበር፤ ታናሹ ግን ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይውል ነበር። «ደመናው» ብሎ ስም ያወጣለትም ለዚህ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ አንድ ፎቅ ሲቀቡ፣ ታላቅየው «አጥብቀህ ያዝልኝ» ብሎት መሰላሉ ላይ ወጣ። ደመናው ዝሆን የመሰለች ደመና አየና ሊያሳየው እጁን ቀሰረ። መሰላሉ ተንሸራተተ። ታላቅየው ከዚያ ወዲህ በግራ እግሩ ያነክሳል። ደመናው ይቅርታ ብሎት አያውቅም፤ ነገሩ ሲነሳ ምላሱ ይተሳሰርና ከቤት ውልቅ ይል ነበር። ታላቅየውም እዚህ ቤት ሲመጣ ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ለመደ።

አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ተጠጉ።

«እብደት ያልከው ይሄን ነው ልጄ?»

«ታዲያ መሰላል ከውሃ ይበቅላል እንዴ እትዬ?»

«አይበቅልም። በሕልምህ የምታየውስ መቼ በቅሎ ያውቃል? ግን ልብህ የደበቀውን ያወጣብሃል። አፍ ሲያቅተው እግዜር ሌላ በር ይከፍታል። እስቲ መርገጫዎቹን ልብ ብለህ እያቸው።»

ዞሮ አየ። መርገጫዎቹ እንጨት አይደሉም፤ እጆች ናቸው። የሁሉም አውራ ጣት ጥፍር መሀሉ ላይ ተሰንጥቋል፣ እንደ ደመናው ጥፍር። ጫፍ ላይ አንድ ትንሽዬ ሰውዬ ሰማዩን ይቀባል፤ ግራ እግሩ አጠር ያለ ነው። የላይኞቹ እጆች ቁርጭምጭሚቱን ጥፍር አድርገው ይዘውታል።

«በየዓመቱ እጅ ይጨምርበት ነበር» አለች ሚስትየው። «ጫፍ ላይ ያለው ማነው ስለው፣ ‹ወንድም ጋሼ ነዋ፤ ዳግመኛ አይወድቅም› ይለኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ራሱ ይየው› ብሎ አስምሎኛል። አንተ ደግሞ ለዓመታት ጀርባህን ለሥዕሉ፣ ፊትህን ለምግቡ!»

ከሐዘንተኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሌላው ተከተለ።

«ጃንጥላ የያዘው ዓሣ እኔ ነኝ!» አለ የአውቶቡስ ሹፌሩ ብድግ ብሎ። «ዋና አልችልም፣ ውሃ እፈራለሁ ብዬ አጫውቼው ነበር!»

«ጫማዎቹ የእኔ ናቸው፤ ጠግኜ ባለቤት ያጣሁላቸው» አለ ጫማ ሰፊው፣ እንባውን እየጠረገ፣ እየሳቀ። የሐዘኑ ቤት የድግስ ቤት መሰለ፤ ሁሉም ራሱን ግድግዳው ላይ ይፈልጋል።

ታላቅየው ቆርቆሮውን ከፈተ።

ብሩሹን አላነሳም። እያነከሰ ሄዶ ግድግዳው ሥር ተንበረከከ። የታችኛው መርገጫ፣ ልክ ከውሃው በላይ ያለው፣ በእርሳስ ብቻ ተነድፎ ቀርቷል፤ ደመናው አልደረሰበትም። መዳፉን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከረና ንድፉ ላይ አሳረፈ። ልክ ሆነ።

«ያዝኩልህ» አለ በለሆሳስ።

ቀለሙ እስኪደርቅ እጁን አላነሳም።