የሮይስ አባት ቸርኬ

ሮይስ ቲድዌል የእህቴ ባል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቨርል እኮ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከደብተር ጋር ተጣልቶ የቀረ ነው» እያለ ያስቅብኛል። ሰው ይስቃል። እህቴም ትስቃለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሥጋዬን አኝካለሁ።

አንድ ሰኞ ቀን ይሄው ሰውዬ የሟች አባቱን አሮጌ ፒካፕ እያጓራ ጋራዤ ድረስ መጣ። የብርዱን ወራት በሙሉ ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሲያስገባባት ነው የከረመው። ፍሬኗ ግን ያው የአባቱ ዘመን ደካማ ታምቡር ነው። እኛ የሉበክ ከተማ ሰዎች እንዲህ ነን፤ መጀመሪያ መሮጡን፣ መቆሙን በኋላ እናስባለን።

«ትልቁን የፍሬን ዲስክ ግጠምልኝ» አለኝ። «ቅዳሜ ትርኢቱ ላይ የምትነዳት ማርሊ ናት። የአባቴ ቸርኬ ግን አይነካም።»

ማርሊ ልጁ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ገና ማውጣቷ ነው። የቸርኬውም ነገር ገብቶኛል። እዚህ አገር ሰው ከአባቱ መኪና ላይ ሞተሩን አውጥቶ ይጥላል፣ ወንበሩን ይቀይራል፣ ቸርኬውን ግን እንደ አደራ ያቆየዋል።

«ዲስኩ እዚያ ውስጥ ይገባል? ካልሆነ መሀል ከተማ ያሉትን መካኒኮች ልጠይቅ» አለ።

«ለክቼዋለሁ።»

«በሜትር ነው በዓይንህ?» ብሎ ሳቀ።

በሜትር ነበር። ግን የለካሁት የቸርኬውን ውጪ እንጂ ውስጡን አይደለም። ሐሙስ ዲስኩን አስሬ፣ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን ካሊፐር ገጥሜ ጎማውን ብሰቅል፣ ቸርኬው ካሊፐሩ ላይ ተቀረቀረ። አልዞር አለ። ለሮይስ ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ ትልቅ ቸርኬ ያስፈልጋታል» ማለት ነበረብኝ። ስልኩን አነሳሁ፤ ገና ሳልደውል ሳቁ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ስልኩን አስቀምጬ የብረት መፍጫውን አነሳሁ።

ካሊፐር አይፈጭም። ፍሬን ሲረገጥ ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው፤ ከሳሳ አንድ ቀን፣ ያውም በጭንቁ ሰዓት፣ ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ ዘጠነኛ ክፍል መግባት አያስፈልግም። እያወቅሁ ፈጨሁት። ጎማው ዞረ። የፈጨሁበትን በቀይ ቀለም ሸፈንኩት። ሰፈር ውስጥ ቀስ ብዬ ዞርኩባት፤ ፍሬን ስይዝ ቆመች።

ቅዳሜ ከሰዓት ያገሬው አሮጌ መኪኖች እንደ ወትሮው ለትርኢት ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ሰው በጭስ የበሰለ ሥጋውን እየበላ፣ እያጎነበሰ በቸርኬው ቀዳዳ ያያል። «ቀዩ ሲያምር!» ይላል።

ሮይስ ትከሻዬን ይዞ ሁሉም እንዲሰማው ጮኸ። «የሠራው ቨርል ነው! ልጄን አምኜ የምሰጠው እጅ ነው!»

ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ሲደርሰኝ ግን ዓይኔን ከቀዩ ቀለም ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ማርሊ መሪው ላይ ሆና «አጎቴ፣ ልልቀቃት?» አለችኝ። ነዳጁን ነካ ስታደርገው መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

«ልቀቂያት!» አለ አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ላይ። «ማቆምን እንደሆነ ቨርል ያውቅበታል፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ አቁሞት የለ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ቁልፉን ነቀልኩት።

«ምን ነካህ?» አለ ሮይስ።

«ክሪክ አምጡልኝ።»

«እዚህ? ሰው ፊት? ጠጥተሃል እንዴ፣ ቨርል?»

እዚያው፣ ሰው ከብቦኝ፣ ጎማውን ፈታሁ። ቀዩን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት። የመፍጫው ጭረት እያብለጨለጨ ወጣ። የሚስቅ ጠፋ።

ሮይስ ተንበርክኮ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀና ብሎ ልጁን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ምን ያህል ነው የፈጨኸው?»

«አላውቅም። እሱንም አልለካሁትም።»

እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ መልሱ ከድሮ ጀምሮ አፌ ላይ ነበር። አልሰደበኝም። የአባቱን ቸርኬ ከመሬት አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈና «ውረጂ፣ የኔ እናት» አላት።

ማርሊ ወርዳ በአጠገቤ ስታልፍ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «አመሰግናለሁ አጎቴ» አለች።

ያንን ምስጋና ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ።