«አያመኝም»

ዴልማር በወጣትነቱ ሆኪ ሲጫወት ጥርሱ ረግፎ እንኳ «አያመኝም» እያለ ወደ በረዶ ሜዳው ይመለስ ነበር። ዘንድሮ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ እንዲጠነክር ስፖርት የምታሠራው ባለሙያ ኪርስተን ላስቲክ በእግሩ እያስጎተተች «ያምዎታል?» ስትለው ያንኑ መለሰላት። እሷም ቃሉን ተቀብላ በየሳምንቱ ላስቲኩን ጠንከር ባለ ትለውጥለት ጀመር። እሱ የቀሩትን ጥርሶቹን ነክሶ ይጎትታል።

ዛሬ ጉልበቱ ቋ አለና ወደቀ።

«እኔ እኮ ላስቲኩን የምመርጠው በእርስዎ መልስ ነው» አለች ኪርስተን፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

ሚስቱ ቬርና ወደ ሆስፒታል እየነዳች ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ግትር፣ አሁንስ ያምሃል?»

ዴልማር ያበጠ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አያመኝም» አላት።